ሶዌቶ ላይ የተቋቋመው ክልል

ዊኒፔግ ካናዳ መሃል የተቀመጠ፣ የዓመቱን ግማሽ በረዶ ተሸክሞ የሚኖር ከተማ ነው። አንድ ጊዜ ከአሜሪካ ደቡብ አንድ የበረዶ ሆኪ ቡድን ተገዝቶ መጣለት። የሊጉ አለቆች ምድብ ለማስተካከል ጊዜ ስላጠራቸው ቡድኑን በድሮ ምድቡ ተዉት። ስለዚህ ዊኒፔግ ለሁለት የውድድር ዘመን፣ አፍንጫው በብርድ እየቀላ፣ «ደቡብ ምሥራቅ» በሚባል ምድብ ውስጥ ከፍሎሪዳ ቡድኖች ጋር ተደምሮ ተጫወተ። ከተማው ሳቀና ተወው። አዩብ ዩሱፍ ግን አልሳቀም።

አዩብ ያን ጊዜ ገና ጎረምሳ ነበር። ሶዌቶ ውስጥ በውጭ ዜጎች ላይ በተነሣ ሁከት የአባቱ ሱቅ በተቃጠለ ሰሞን ከጆሃንስበርግ ዊኒፔግ ወዳለችው አክስቱ የተላከ ልጅ ስለሆነ፣ ሰው ከማያውቀው ቦታ ተቀምጦ «ከዚህ ነህ» ሲባል ምን እንደሚሰማው ያውቀዋል። በሆኪ አፍቃሪዎች የኢንተርኔት መድረክ ላይ የመጀመሪያውን የማሻሻያ ሐሳብ ጻፈ፤ ከዚያ ወዲያ ማቆም አልቻለም። ቡድኖቹ ሠላሳ ሁለት ሲደርሱ አራት አራት አድርጎ ከስምንት ከፈላቸው። ጨዋታ ቀነሰ፣ ጎረቤታሞችን ደጋግሞ አጋጠመ፣ ሩቅ ለሩቅ ያሉትን አለያየ። አንብበው የሚጨርሱት ጥቂት ሰዎች ደደብ ይሉታል፤ እሱም የተሻለ ካርታ ይዞ ይመለሳል። ሊጉ በበኩሉ አዩብን ሳያማክር መኖሩን ቀጠለ።

ትምህርቱን ጨርሶ፣ ሥራ ይዞ፣ ሥራ ለቆ፣ ባለፈው ዓመት ጆሃንስበርግ ተመለሰ። ለምን እንደተመለሰ ለሚጠይቀው ሁሉ የተለያየ መልስ ይሰጣል። ሁሉም እውነት ይመስለዋል፣ እስከ ማግስቱ። አንዱን ሻንጣ እስካሁን አልፈታውም። ሜይፌር ባለው የአባቱ የብርድ ልብስ ማከፋፈያ ውስጥ እህቱ ፊርዶስ ደንበኛ ስታስተናግድ፣ እሱ ባንኮኒ ላይ ተደግፎ ስልኩ ላይ የካልጋሪን ሆኪ ቡድን ከአንዱ ምድብ ወደ ሌላው ሲያዛውር ይውላል።

«እነዚህ ዱላ ይዘው በረዶ ላይ የሚጋፉት ሰዎች» አለችው አንድ ቀን፣ «አንተ መኖርህን ያውቃሉ?»

አያውቁም። የሚያንገበግበውም እሱ ነው።

እንዲህ እያለ ነው የእሁዱን ሊግ ያገኘው። ሊጉ የሐበሻ ባለሱቆች የእግር ኳስ ውድድር ነው። ስምንት ቡድኖች አሉት። ተጫዋቾቹ ሳምንቱን ስፓዛ ከሚሉት የሰፈር ሱቅ ፍርግርግ ጀርባ ቆመው የሚውሉ፣ እሁድ ሲሆን ቦርጫቸውን በማልያ ሸፍነው የሚሮጡ ሰዎች ናቸው። ሁሉም ከሁሉም ጋር በዓመት አንድ ጊዜ ይጫወታል። ፕሮግራሙን የምታወጣው ሂልብሮው ምግብ ቤት ያላት በለጥሽ ናት፤ አሠራሯም ባዶ ሜዳ ስታገኝ ስልክ መደወል ነው። በሰሜን ጫፍ ቴምቢሳ ያለው ቡድን በደቡብ ጫፍ እስካለው ቨሪኒጊንግ ድረስ ታክሲ ኮንትራት ይዞ ይወርዳል፣ ግማሹ ተጫዋች መንገድ ላይ ይተኛል፣ የነቃው ይሸነፋል። አዩብ ይህን ሲያይ ጎርፍ የበላው ድልድይ ያየ መሐንዲስ ስሜት ተሰማው፦ ማዘን ይገባው ነበር፣ ግን ደስ አለው። በመጨረሻ አንድ ሊግ እጁ ገባ። ሐሳቡ በጸደቀ ቀን ያቺን ሻንጣ ሊፈታ ለራሱ ቃል ገባ፤ ካልጸደቀ ደግሞ እንደታሰረች ይዟት ሊሄድ።

በዚህ ሁሉ ጥናት መሃል አንድ ነገር አይቶ ከቁም ነገር ሳይቆጥረው አለፈ። አባቱ ዩሱፍ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ሹራብ የሚኖር ሰው ነው። ሜይፌር ከሶዌቶ የሚጫወትበት ሳምንት ሲደርስ ግን ፀጉሩን ይስተካከላል፤ ክሬም ጃኬቱን ያወጣል፤ ለፊርዶስ አይሰጣትም፣ ራሱ ይተኩሰዋል። ቀይ ብርድ ልብስ ለጠየቀ ደንበኛ ግራጫ እየሰጠ ይሰነብታል። አዩብ ይህን «የደጋፊ ስሜት» በሚል ርዕስ መዝግቦ አለፈው።

ሐሳቡ ውብ ነበር። ከከተማው በታች ተጋድመው የሚታዩትን ቢጫ የማዕድን አፈር ክምሮች ወሰን አደረገ። ከክምሩ በላይ ያሉት ሜይፌር፣ ሂልብሮው፣ አሌክሳንድራና ቴምቢሳ እርስ በርሳቸው ይጫወታሉ፤ ከክምሩ በታች ያሉት ሶዌቶ፣ ኦሬንጅ ፋርም፣ ካትልሆንግና ቨሪኒጊንግም እንዲሁ። ሁለቱ አንደኞች ለዋንጫ ይገናኛሉ። መንገድ ቀነሰ፣ ድካም ቀነሰ። «ምድብ» የሚለው ቃል ስላልመጣለት ስልኩን ጠየቀ፤ ስልኩም «ክልል» ብሎ መለሰለት። አዩብ ስልኩን አመነ። «ሰሜን ክልል» እና «ደቡብ ክልል» ብሎ፣ በቀለም አስጊጦ፣ ለበለጥሽ ላከላት።

ፊርዶስ ያየችው ከተላከ በኋላ ነው። ካርታውን በሁለት ጣቷ እያሰፋች ተመለከተችው።

«ሶዌቶ ለኛ እዚህ ነው» አለችው። «ቴምቢሳ ግን ሄደህ እስክትመለስ ፀሐይ ትጠልቃለች። ከሶዌቶ ለይተህ ከቴምቢሳ ጋር ለምን አደረግኸን?»

«አራት አራት መሆን ስላለበት።»

«ዊኒፔግንም ፍሎሪዳ የወሰዷት ቁጥር ሊሞሉ ነው?»

አዩብ ስልኩን ሊቀበላት እጁን ዘረጋ። እሷ ግን በዚህ አላበቃችም። ሶዌቶን የሚያሠለጥነው ሀቢሶ ማን እንደሆነ ረስቶ እንደሆነ ጠየቀችው። አልረሳም። አባቱና ሀቢሶ አንድ ሱቅ ነበራቸው፤ አዩብን ትከሻው ላይ አድርጎ ትምህርት ቤት የሚያደርሰው ሀቢሶ ነበር። አዩብ ከተመለሰ ወዲህ ሀቢሶ ለምን ቤት እንደማይመጣ ጠይቆ ሥራ በዝቶበት ነው ተብሎ ነበር።

«ሥራ አይደለም» አለች ፊርዶስ። «ሱቁ ሲቃጠል አባ ና ከሶዌቶ እንውጣ አለው፣ እሱ አትውጣ አለው። ሁለቱም እምቢ። ሊጉ የተጀመረ ዓመት አባ ግብ አገባ፤ ሀቢሶ በረኛ ነበር፣ አልገባችም አለ። መረብ የለ፣ ግቡ ሁለት ድንጋይ ነው። ከዚያ ወዲህ በዓመት አንድ ቀን ሜዳ ዳር ጎን ለጎን ቆመው፣ መሃላቸው ሰው አቁመው፣ በዚያ ሰው አፍ ይሰዳደባሉ። ሌላ መገናኛ የላቸውም። አንተ ደግሞ ያቺኑ ቀን ሰረዝካት።»

አዩብ ወደ መደርደሪያው አየ። አባቱ ጀርባውን ሰጥቷቸው ብርድ ልብስ ያጥፋል። የታጠፈውን ፈታ፣ እንደገና አጠፈው። ሁሉን ሰምቷል ማለት ነው።

ስብሰባው በለጥሽ ምግብ ቤት ነበር። የየቡድኑ ሰው ተገኘ። ዩሱፍ ሜይፌርን ወክሎ ክሬም ጃኬቱን ለብሶ መጣ፤ ሀቢሶ ከጠረጴዛው ጫፍ ተቀምጦ ጃኬቱን ሳያይ አየው። በለጥሽ ስልኳን ከዓይኗ አርቃ ርዕሱን አነበበች።

«ሰሜን ክልል። ደቡብ ክልል።»

የሚበላው ሁሉ ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ወንድሜ» አለ የቴምቢሳው ለማ፣ በጣም ለስለስ ብሎ፣ «ደቡብ ክልል እኮ አገር ቤት ፈርሷል። አንተ ከየት አንሥተህ ሶዌቶ ላይ አቋቋምከው?»

ከዚያ በኋላ የሆነውን አዩብ በየትኛውም የሆኪ መድረክ ላይ አላየውም። እዚያ የተቀመጠው ሰው አብዛኛው ድሮ ደቡብ ክልል ይባል ከነበረው አገር የወጣ ነው። ከአፈሩ ክምር በላይ የተመደቡት ከደቡብ ያባረረን ማነው አሉ። በታች የተመደቡት፣ አንድ ጊዜ ተከፋፍለናል፣ እዚህም ሊደገም ነው ወይ አሉ። የካትልሆንጉ ተወካይ ሕዝበ ውሳኔ መቼ እንደሚደረግ ጠየቀ። ኦሬንጅ ፋርም ከማንም ጋር ላለመሆንና ልዩ ወረዳ ለመባል ጥያቄ አቀረበ። አንዱ የክልሉ ዋና ከተማ የት ነው ቢል፣ በለጥሽ ምግብ ቤቷ ሰፊ መሆኑን አስታወሰች። አዩብ ነገሩ ከሆኪ የመጣ ነው ብሎ ለማስረዳት ሞከረ፤ ካናዳም ይኼ ነገር ገብቷል ማለት ነው ብለው አዘኑለት።

በመጨረሻ «ክልል» ተሰርዞ «ምድብ» ተባለ፤ ያን ጊዜ ሰዉ ሁሉ ተረጋግቶ ሐሳቡን ወደደው። ያው ካርታ፣ ያው ወሰን ነው። ግን ምድብ ነው። መንገድ መቀነሱ ጥሩ ነው፣ እሁድ ሱቅ ሳይዘጋ ቶሎ መመለስ ጥሩ ነው አሉ። አዩብ ጆሮውን ማመን አቃተው፤ በሕይወቱ ሐሳቡን እስከ መጨረሻ ሰምቶ ጥሩ ነው ያለው ሰው አልነበረም። እጅ ሊወጣ ሲል ሀቢሶ ጉሮሮውን ጠረገ። ዩሱፍ ክንዱን ቢዘረጋ ይነካዋል፤ ሀቢሶ ግን ያነጋገረው አዩብን ነው፣ በመጣበት አገር ስም ጠርቶ።

«ካናዳ። ለአባትህ ንገርልኝ። እኔን ላለማየት ይህን ያህል ካርታ አያስፈልገውም ነበር። አልመጣም ብሎ ቢልክብኝ ይበቃኝ ነበር።»

አዩብ ወደ አባቱ ዞረ። መልእክቱን መድገም እንዳለበት እንኳ አላወቀም። አባቱ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የጨው ዕቃ ትንሽ አየው። ከዚያ በደንብ የተተኮሰውን እጅጌ ከሁሉም ቀድሞ ወደ ላይ አነሣ።

«የልጄ ሥራ ነው» አለ። «ጥሩ ሥራ ነው። እደግፋለሁ።»

ሌሎች እጆችም መነሣት ጀመሩ። አዩብ ከጎረምሳነቱ ጀምሮ የሚጠብቃት ደቂቃ ይቺ ነበረች፤ አፉን ዘግቶ ቢቀመጥ ታልቃለች። የአባቱ እጅ ግን እንደ ሌሎቹ አልነበረም፤ እጁን አንሥቶ ዓይኑን አላነሣም። አዩብ እሱን አይቶ ተቁነጠነጠ።

«አንድ ማስተካከያ አለኝ» አለ።

የሆኪ ወዳጆች ለዚህ መላ አላቸው። ሁለት የቆዩ ባላንጣዎች በተለያየ ምድብ ቢወድቁ፣ ጨዋታቸው የተጠበቀ ነው ይባልና ማንም አይነካውም። ሜይፌርና ሶዌቶ የትም ምድብ ይሁኑ በየዓመቱ እንዲገናኙ ይደረግ ብሎ አስረዳ። ሀቢሶ የጨው ዕቃውን ከዩሱፍ ፊት አንሥቶ ወደ ራሱ ሳበ፣ ምንም የሚበላ ነገር ሳይኖረው።

ለማ ግን እጁን አውርዷል። ሜይፌር የተጠበቀ ጨዋታ ሲሰጠው ቴምቢሳ ምን ጎድሎት ነው አለ። እነሱም ቨሪኒጊንግ ላይ አማቾች አሏቸው፤ ዓመት ጠብቀው የሚያገኟቸው በዚያ ጨዋታ ነው። ካትልሆንግ በማይረሳው አንድ ፍጹም ቅጣት ምት የተነሣ ሂልብሮውን ካላገኘ እንቅልፍ የለውም። አሌክሳንድራ ከኦሬንጅ ፋርም ጋር ጠብ ባይኖረውም፣ ለሌላው የተሰጠው ለምን ይቀርብናል አለ። ኦሬንጅ ፋርም ክብሩን ጠብቆ ከሰሜን ምድብ አራቱም ጋር የተጠበቀ ጨዋታ እንዲሰጠው ጠየቀ፤ ለእሱ ከተሰጠማ ብለው ሌሎቹም ጠየቁ። አዩብ በየጥያቄው አንድ መስመር ሲያሰምር ቆይቶ ካርታው የሸረሪት ድር መሰለ።

በለጥሽ መነጽሯን አድርጋ ተመለከተችው።

«ታዲያ አሁን ሁሉም ከሁሉም ጋር አንድ አንድ ጊዜ ሊጫወት ነው?»

«አዎ» አለ አዩብ በደከመ ድምፅ።

«ድሮ የነበረው ይኼው አልነበረም እንዴ?»

«የለም እትዬ» አለ ለማ። «ያኛው ዝም ብሎ ነው። ይኼ የተጠና ነው።»

በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፣ ተጨበጨበም። ቀኑንና ሜዳውን በለጥሽ ባዶ ቦታ ስታገኝ በስልክ እንድታሳውቅ ተወሰነ። አዩብ የገባው ቃል ቃል ነውና ቤቱ ሄዶ ሻንጣውን ፈታ። ውስጡ ወፍራም ካልሲ፣ የጆሮ መሸፈኛና የበረዶ ጫማ ተገኘ። ፊርዶስ ለሶዌቶ ፀሐይ የትኛውን እንደሚያደርግ ጠየቀችው።

የሜይፌርና የሶዌቶ ጨዋታ ሶዌቶ ሜዳ ላይ ሆነ። ጃኬቱ ተተኮሰ፣ ፀጉር ተስተካከለ። ሜዳው ዳር ሁለቱ ሰዎች ጎን ለጎን ቆሙ፣ አዩብ መሃላቸው። የቀድሞው ቃል አመላላሽ ሹመቱን በደስታ አስረክቦታል።

«ለአባትህ ንገርልኝ» አለ ሀቢሶ ዓይኑን ከኳሱ ሳይነቅል፣ «ያቺ ኳስ አልገባችም።»

«አልገባችም ይላል» አለ አዩብ።

«ገብታለች በለው። ዓይኑን ይታይ።»

«ገብታለች ይላል። ዓይንዎን ይታዩ ይላል።»

ሁለቱም የሚናገሩት በአንድ አማርኛ ነበር፣ ሁለቱም እኩል ይሰማሉ። መሃላቸው ካለው ሰው ይልቅ ቋንቋውን አሳምረው ያውቁታል። አዩብ ግን አስተላለፈ። ስለ በረኛነት፣ ስለ ብርድ ልብስ ነጋዴ እግር፣ ሶዌቶን ጥሎ ስለ ሄደ ሰውና ሶዌቶ ላይ ተቸክሎ ስለ ቀረ ሰው አስተላለፈ። ጉሮሮው ሲደርቅ ውሃ ሊያመጣ ሄደ። ሦስት ጠርሙስ ይዞ ሲመለስ ከኋላቸው ጥቂት እርምጃ ሲቀረው ቆመ። መሃላቸው የእሱ ቦታ ክፍት እንደሆነ ነው። በአፉ የሚናገሩበት ሰው የላቸውም።

አባቱ ወደ ግራ አየ፣ ወደ ቀኝ አየ።

«የት ሄደ ይኼ ልጅ?» አለ፣ ለማንም ሳይሆን።

ሀቢሶ ኳሷ ወደ ውጭ ወጥታ እስክትመለስ ጠበቀ።

«ካናዳ?» አለ። «ሄዷላ። ሌላ የሚከፋፍለው ሰው ፍለጋ።»

የአባቱ ትከሻ በጃኬቱ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ሳቅ እንደሆነ ለማወቅ አዩብ ትንሽ ጊዜ ፈጀበት።

«አንተ ነህ ያሳደግኸው» አለ አባቱ፣ በቀጥታ ለሀቢሶ።

«እኔ አደርሰው የነበረው ትምህርት ቤት ደህና ነበር። ያበላሸው አንተ የላክኸበት ነው» አለ ሀቢሶ። ቀጥሎም፣ ነገሩ እንዳይረሳ፣ «ኳሷ ግን አልገባችም» አለው።

አዩብ ውሃው በእጁ ላይ እየሞቀ ባለበት ቆመ። እዚያ ሁለቱ መሃል አንድ ሰው የሚያስቆም ቦታ አለ፤ ካርታ የሚያውቅ ሁሉ ያየዋል። እሱ ግን አልገባበትም።