ከሠላሳው የጎደሉት ክኒኖች

ማርያማዊት ክኒኖቹን ለሁለተኛ ጊዜ ስትቆጥራቸው አሁንም አሥራ ሰባት ሆኑ። ሃያ አንድ መሆን ነበረባቸው።

ከጤና ጣቢያው ሠላሳ የብረት ክኒን ተቀብላ መውሰድ ከጀመረች ዘጠኝ ቀን ሆኗታል። በየቀኑ አንድ ውጣለች፤ አንድም ቀን አልዘለለችም፣ አንድም ቀን አልደረበችም። ኮልፌ ውስጥ ባለ የጫማ ማምረቻ የጥራት ተቆጣጣሪ ናት። ስፌት የዘለለበትን፣ ማስቲሽ የተዝረከረከበትን ጫማ ከመቶ ጥንድ መሃል ለይታ ትመልሳለች። አራት ክኒን ሲጎድል "ተሳስቼ ይሆናል" ብላ የምታልፍ ሴት አይደለችም።

የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ከዚህ በፊት አንድ ፅንስ በአራተኛው ወር ወርዶባታል። በዚህኛው ደግሞ ደሟ አነስተኛ ሆኖ ተገኘ።

"አሥር ነጥብ ሁለት ነው" ብላት ነበር አዋላጅ ነርሷ ሲስተር ፋሪዳ። "ከአሥራ አንድ በላይ እንፈልጋለን። ክኒኑን ሳታቋርጪ ውሰጂ። እየወረደ ከሄደ ግን እዚህ አላዋልድሽም፣ ሆስፒታል ነው የምልክሽ። ደም ያነሳት ሴት በምጥ ጊዜ ትንሽ ሲፈሳት እንኳ ትጎዳለች።"

ማርያማዊት ይህን ከሰማች ወዲህ እንቅልፍ የሚነሳት ያ ቁጥር ነው።

ዓለም ባንክ ሰፈር በተከራዩት ቤት የሚኖሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ እሷ፣ ባሏ የኔሰው፣ እና ከጎጃም የመጡት እናቱ ወይዘሮ ወለተጻድቅ። አማቷ የመጡት ማርያማዊት ስትወልድ አጠገቧ ለመሆን ነው። ግን መውለጃዋ ገና ሦስት ወር ይቀረዋል። ለምን እንዲህ ቸኮሉ? ደግሞ በመጡበት ቀን የክኒኑን ብልቃጥ አንስተው፣ ወደ ብርሃን አዙረው አይተው፣ "ይሄ ቀይ ክኒን ልጁን ያገዝፈዋል ይባላል፤ በኋላ በየት ሊወጣ ነው?" ብለዋል። ማርያማዊት ያን ቀን ስቃ ነበር።

ለየኔሰው የነገረችው ጠዋት ሥራ ሲያደርሳት ነው። የሚኒባስ ሹፌር ነው፤ ተሳፋሪ ከመጫኑ በፊት ጋቢና አስቀምጧት ይሄዳል።

"ክኒን ማን ይሰርቃል ማሪ? አይጥ ይሆናል።"

"አይጥ ክዳን ከፍቶ መልሶ ይገጥማል?"

"የአዲስ አበባ አይጥ ነዋ! ኮንዶሚኒየም ተመዝግቦ ዕጣ የሚጠብቅ ሁሉ አለ።"

አልሳቀችም። እሱም ፈገግታውን ተወው። "እናቴን ነው የምትይው?"

"ማንንም አላልኩም። ቁጥሩን ነው የነገርኩህ።"

"እንግዲያው ደብቂው፣ ነገሩ ያበቃል።"

አልደበቀችውም። ብትደብቀው ማን እንደሚወስድ ሳታውቅ ትቀራለች። በምትኩ ከክዳኑ ሥር ቀጭን ነጭ ክር አስገብታ ዘጋችው። ማታ ስትመለስ ክሩ ወለሉ ላይ ወድቋል፣ አንድ ክኒንም ጎድሏል። የኔሰው ከንጋት ጀምሮ መንገድ ላይ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሁሉንም ነገር ማየት ጀመረች። ወይዘሮ ወለተጻድቅ በየጠዋቱ አንድ ብርጭቆ የብርቱካን ጭማቂ ያቀርቡላታል።

"ጠጪው ልጄ፣ ለደም ነው።"

ጭማቂው ይመር ነበር። ብርቱካን ደግሞ ሊኮመጥጥ ይችላል እንጂ እንዲህ አይመርም። ማርያማዊት ምላሷ ላይ አንዴ አድርጋ አስቀመጠችው፤ አማቷ ዞር ሲሉ ሲንኩ ውስጥ ደፋችው። በማግስቱም ደፋችው። ከዚያ ወዲያ ጠዋት የሚጠጣ ነገር ከሰው እጅ አልተቀበለችም። ራሷ ሻይ አፍልታ፣ ቅጠሉን አብዝታ፣ ወፍራም አድርጋ ትጠጣለች። ክኒኑንም በዚያው ትውጣለች።

ከዚህ ሁሉ በላይ ያስፈራት ግን ሌላ ነበር። ሰገራዋ እንደ ከሰል ጠቁሯል። መጀመሪያ የበላችው ምግብ መስሏት ነበር። በተከታታይ ሲጠቁር ግን ቀኑን ስልኳ ላይ ጻፈችው። ከሥሩ "ክኒን ጎደለ" የሚል አለ፤ ከዚያ በታች "ጭማቂው ይመራል"። ሦስቱን ደጋግማ አነበበቻቸው። ከኮሪደሩ የአማቷ ነጠላ ጫማ ሲንሸራተት ሰማች። ድምፁ በሯ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ጥቂት ቆይቶ ተመልሶ ሄደ። እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ፅንሱ እስኪንቀሳቀስ ጠበቀች። ተንቀሳቀሰ። ያም ሆኖ እጇን አላነሳችም።

በሃያኛው ቀን የመጨረሻውን ክኒን ዋጠች። አሥር መቅረት ሲገባው ብልቃጡ ባዶ ነው። ወደ ጤና ጣቢያው ልትሄድ ስትነሳ ወይዘሮ ወለተጻድቅ ነጠላቸውን ለብሰው በር ላይ ቆመው አገኘቻቸው።

"ብቻሽን አትሄጂም።"

"እማማ፣ እርስዎ ይረፉ፤ ቅርብ ነው።"

"ነርሷ የምትለውን እኔም መስማት አለብኝ።"

ምን ሊሰሙ ነው? ታክሲ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። አሮጊቷ የነጠላቸውን ጫፍ በቡጢያቸው ጨብጠው ይዘዋል። ማርያማዊት ጫፉ ላይ ያለውን ቋጠሮ አየችው።

ጤና ጣቢያው ሲደርሱ የማርያማዊት የጣት ደም ተለካ። ዘጠኝ ነጥብ ስድስት።

"ሲስተር፣ በሩን ዝጊልኝ" አለች ማርያማዊት። አማቷ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ነበሩ። ስልኳን አውጥታ የጻፈችውን በቀን በቀኑ አነበበችላት።

ሲስተር ፋሪዳ ሳታቋርጥ ሰማቻት። "ሰገራሽ መጥቆር የጀመረው መቼ ነው?"

"ክኒኑን በጀመርኩ በሦስተኛው ቀን።"

"ብረት ነዋ! ክኒኑን የሚውጡ ብዙዎች ይጠቁርባቸዋል። መርዝ አይደለም። ይህን ቀድሜ ልነግርሽ ይገባ ነበር። እሺ፣ ስንት ክኒን ዋጥሽ?"

"ሃያ። በየቀኑ አንድ።"

"በሃያ ቀን ሃያ። እና የጠፋው ክኒን ካንቺ ሆድ ምን አጎደለ?"

ማርያማዊት ስልኳን ዝቅ አደረገችው። ስንት እንደጠፋ ስትቆጥር፣ የሚገባትን ሁሉ መውሰዷን አላሰበችውም።

"በምንድን ነው የምትውጪው?"

"በሻይ።"

ሲስተር ፋሪዳ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ሻይ ብረቱን ይይዘዋል፤ ወደ ደምሽ በደንብ አያሳልፈውም። ከሻይም ከቡናም ሁለት ሰዓት ያህል አርቂው። በብርቱካን ብትውጪው ግን የተሻለ ይገባ ነበር። ቤት ውስጥ ብርቱካን አይገኝም?"

"ይገኛል" አለች ማርያማዊት። ፊቷ ሲሞቅ ተሰማት። "በየቀኑ ይቀርብልኛል። እደፋዋለሁ።"

ወይዘሮ ወለተጻድቅ ተጠርተው ገቡ።

"እማማ፣ ከብልቃጡ ክኒን ወስደዋል?" አለች ሲስተር ፋሪዳ።

"ወስጃለሁ።" ዓይናቸውን እንኳ አልሰበሩም። ቋጠሮውን ፈትተው ቀያዮቹን ክኒኖች ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉ። "አልጣልኩትም። መድኃኒት አይጣልም። ቶሎ እንዲያልቅባት ብዬ ነው።"

ማርያማዊት ቆጠረች። "ዘጠኝ ናቸው። አንድ ይጎድላል።"

"እሱን እኔ ዋጥኩት።"

"እርስዎ?"

"ምን እንደሚያደርግሽ ልየው ብዬ ነዋ! ሆዴን አደረቀኝ፣ ሌላ ምንም አላደረገኝም።"

ሲስተር ፋሪዳ ሳቋን መያዝ አልቻለችም። አሮጊቷ አልሳቁም።

"አንቺ ሳቂ። የየኔሰው ታላቅ እህት፣ የኔ በኩር፣ ሦስት ቀን አምጣ ነው የሞተችው። ልጁ ትልቅ ነው አሉ። ሁለቱንም ባንድ ቀን ቀበርኩ። እኔ ሁለተኛ አልቀብርም።"

ሲስተር ፋሪዳ ሳቋን ትታ ማርያማዊትን አልጋው ላይ አስተኝታ የልኬት ሜትሯን ሆዷ ላይ ዘረጋች።

"እማማ፣ ጣትዎን እዚህ ያድርጉ። ክኒኑ ደሟን ነው የሚሞላው፣ ልጁን አያገዝፍም። እድገቱን ደግሞ በየጊዜው እንዲህ እየለካሁ እከታተላለሁ። ሃያ ስድስተኛ ሳምንቷ ነው፣ ሃያ ስድስት ሴንቲሜትር። ልክ በልኩ።"

ወይዘሮ ወለተጻድቅ ጣታቸውን ሜትሩ ላይ አቆይተው ምራታቸውን አዩ። "ብርቱካኑን ደፋሽው?"

"ይመር ነበር።"

"ይመራል እንጂ! ከነልጣጩ ነው የፈጨሁት። ኃይሉ ልጣጩ ላይ አይደል?"

"ልጣጩን ይተዉት እማማ" አለች ሲስተር ፋሪዳ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማርያማዊት ብርቱካኑ ሲጨመቅ አጠገባቸው ትቆማለች። ወይዘሮ ወለተጻድቅም ክኒኑን ስትውጥ ፊት ለፊቷ ይቆማሉ። "አፍሽን ክፈቺ" ይላሉ፤ ትከፍታለች፤ "ምላስሽን አንሺ" ይሏታል፤ ታነሳለች። የኔሰው በር ላይ ቆሞ "ፍተሻው አለቀ? ተሳፋሪ እየጠበቀ ነው" ይላል።

በአራተኛው ሳምንት ማርያማዊት ጣቷን ለመርፌው ዘርግታ ዓይኗን ከመለኪያው ላይ አላነሳችም። አሥር ነጥብ ሰባት።

"ገና ነው፣ ግን ወጥቷል" አለች ሲስተር ፋሪዳ ካርዱ ላይ እየጻፈች። "እንዲህ ከቀጠለ እዚሁ ትወልጃለሽ።"

ማርያማዊት በሩን ከፍታ ወጣች። ወይዘሮ ወለተጻድቅ ከአግዳሚው ተነስተው ካርዱን ከእጇ ተቀበሉ። ማንበብ አይችሉም፤ አገላብጠው አዩት።

"ወጣ ወይስ ወረደ?"

"ወጥቷል እማማ።"

"አንቺ ቆዪ" አሉና በሩን ገፋ አድርገው ገቡ። "እሷ ትንገረኝ።"