የካውያዬ ጥፋት

ባለቤቴ ጡረታ ከወጣ ወዲህ አናጢ ሆኗል። ጋራዡን ወርክሾፕ አደረገው፤ እኔ ከግድግዳው ወዲህ ልብስ እሰፋለሁ። የኤሌክትሪክ መጋዙን ሊያስነሳ ሲል የቆጣሪው ብሬከር ቀጭ ብሎ ይወርዳል፣ መጋዙም አንዴ አጉረምርሞ ዝም ይላል። ጥፋተኛ ፍለጋ ሩቅ አልሄደም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ የኔን ካውያ ያዘ።

«ነቅለሻል?» ይላል ከግድግዳው ማዶ፣ ማብሪያውን ከመጫኑ በፊት።

«ነቅያለሁ!»

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት እውነቴን ነበር። ከዚያ ካውያው እየቀዘቀዘ ሥራ ሲያስፈታኝ ሰለቸኝና፣ እየተኮስኩ «ነቅያለሁ» ማለት ጀመርኩ። መጋዙ አንዳንዴ ይነሳል፣ አንዳንዴ እምቢ ይላል። ሲነሳ «አየሽ?» ይለኛል። ሳይነሳ ደግሞ «ዘግይተሽ ነው የነቀልሽው» ይላል። እንዲህ ሆነን ዓመት ከመንፈቅ ኖርን። እውነቱን ለመናገር፣ ቀኑን ሙሉ የምንነጋገረው በአብዛኛው ይህንኑ ነበር።

ልጃችን ስትወልድ ለልጅ ልጁ አልጋ ጀመረ። በአንድ ቀን አሥር ጊዜ ብሬከሩ ወረደበትና ፊቱን አጥቁሮ መጣ።

«ስሚ፣ ስፌቱን እህትሽ ቤት ውሰጂው። ይሄ ካውያ እያለ አልጋው አያልቅም።»

እህቴ የምትኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደንበኞቼ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሴቶች ናቸው፤ እዚያ ወጣሁ ማለት ሥራዬን ተውኩ ማለት ነው። ሃያ ስድስት ዓመት የሰፋሁበት ክፍል ነው። ተናደድኩ። ሳላማክረው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠራሁ።

ሰውየው የብሬከሩን ሳጥን ከፍቶ ብዙም አልቆየም።

«ጋሼ፣ ካውያው በሌላ መስመር ነው፤ ከጋራዡ ጋር አይገናኝም። ሞተር ሲነሳ ለአፍታ ብዙ ኃይል ይስባል፣ ይሄ ብሬከር ደግሞ ትዕግስት የለውም። ለሞተር የሚሆነውን ዓይነት ልቀይርልዎት።»

«ታዲያ እሷ ስትነቅል የሚነሳውስ?» አለ ባለቤቴ።

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። ካውያዬን ነፃ የሚያወጣ አንድ ምስክር ነበረኝ፤ እሱም ውሸቴ ነው።

«መንቀል ትቻለሁ» አልኩ። «ዓመት አልፎኛል።»

ሠራተኛው ቦርሳው ውስጥ የጠፋ ነገር ያለ ይመስል አቀርቅሮ መፈለግ ጀመረ። ባለቤቴ ወደ ጋራዡ ተመለሰ።

በማግስቱም፣ በሠልስቱም «ነቅለሻል?» ብሎ አልጠየቀኝም። አዲሱ ብሬከር ገባ፤ መጋዙ በመጀመሪያው ንክኪ ይነሳል። እኔም ሳልጠራ፣ ሳልጨቀጨቅ እተኩሳለሁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ፤ ክፍሌን አተረፍኩ፣ የሚያናግረኝ አጣሁ። ያ ጭቅጭቅ ናፈቀኝ ብል ማን ያምነኛል?

አርብ ጠዋት የአልጋው የመጨረሻ ጣውላ ብቻ ቀርቶት ነበር። ከግድግዳው ማዶ ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰማሁት።

«ነቅለሻል?»

ካውያው እጄ ላይ ነው፤ እንፋሎቱ ፊቴን ይለበልበኛል።

«ነቅያለሁ» አልኩት።

መጋዙ ተነሳ።

«አየሽ?» አለኝ።