ስሙን የሚጮህ ተከላካይ

የመሀል ተከላካዩ የብሮዲ ጉልበት የተጠመዘዘው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። እሁድ ጠዋት ምእመኑ ከቤተ ክርስቲያን ሳይወጣ የፖርትላኒ መንደር ሰው መፍትሔውን አግኝቶ ጨርሶ ነበር፤ የድሮው ተከላካይ ስትሩዋን ጌዲስ ይመለስ። ዓሣ ነጋዴው ይህን አለ፣ ፖስተኛዋ ይህንኑ አለች፣ ኳስ ክብ መሆኑን በወሬ ብቻ የሚያውቁት ቄስ እንኳ በዚያ ቀን ስለ ጠፋውና ስለ ተመለሰው ልጅ ሰበኩ። ሙርዶ ቱሎክ ከኋላ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ሲያዳምጥ ስብከቱ ለእሱ የተላከ መሰለው። ሳይሆንም አይቀር።

ሙርዶ የፖርትላኒ ክለብ አሰልጣኝ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ግን የትምህርት ቤት አውቶቡስ ይነዳል፤ በስኮትላንድ የመጨረሻው ዲቪዚዮን በኳስ ብቻ የሚያድር ሰው የለም። ዘንድሮ ደግሞ ክለቡ ከመጨረሻውም ዲቪዚዮን መጨረሻ ላይ ተንጠልጥሏል። እዚያው ሆኖ ከጨረሰ ከሊጉ ይወጣል፤ የወጣ ደግሞ በቀላሉ አይመለስም፤ የባሕሩን ዳርቻ ተከትሎ እንደ ተዘጉት የዓሣ ፋብሪካዎች ስሙ ብቻ ይቀራል። ብሮዲ ከተጎዳ ወዲህ ለመሀል ተከላካይነት የቀሩት ሁለት ናቸው፤ አንደኛው ፊንሌይ የሚባል የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ሲሆን፣ ሌላኛው በግድ ከቀኝ መስመር የተጎተተ ሰው ነው። ከሁለት አንዱ ቢያስነጥሰው የሚተካው የለም። ተጫዋች ማስፈረሚያው ጊዜ የሚያበቃው ዓርብ ማታ ነው።

ስትሩዋን ጌዲስ ሠላሳ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ራሱ ተመልጧል፣ ደረቱ ግን አሁንም በር ይሞላል። ለፖርትላኒ አሥራ አንድ ዓመት ተጫውቷል፤ ዘጠኙን ዓመት ከጎኑ የቆመው ሙርዶ ነበር። ሙርዶ ሲያገባም ሚዜው እሱ ነበር። ከአራት ዓመት በፊት ግን ተነሥቶ ወደ ዱንሌክ ሄደ። ዱንሌክ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ያለች ከተማ ናት፤ የፖርትላኒ ሰው ጥርሱ እንኳ ቢያመው እዚያ ሄዶ አይነቀልም። ሰዉ ረገመው። በኋላ የዱንሌክን ማሊያ ለብሶ መጥቶ እዚሁ ሜዳ ላይ ጎል አገባ፤ እጁን ሳያነሣ፣ ሳይጨፍር፣ አንገቱን ደፍቶ ወደ መሀል ሜዳ ተመለሰ። በእነሱ ዘንድ በድሮ ክለቡ ላይ ጎል ያገባ ጨዋ ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው። ያን ዕለት ከጎሉ ጀርባ የቆሙት አሮጊቶች ሁሉ ይቅር አሉት። ባለፈው ክረምት ዱንሌክ ሲያሰናብተው ወደ ሰፈሩ ተመልሶ ወደብ ላይ በረዶ ማምረቻው ውስጥ ሥራ ያዘ።

እሁድ አመሻሹ ላይ ስትሩዋን ራሱ ለሙርዶ ደወለ። ቋሚ ልሁን አላለም፤ ተቀያሪ ወንበር ላይ ልቀመጥ፣ ሰው ሲጎዳ እገባለሁ፣ ለክፍያው አታስቡ አለ። ሙርዶ ላስብበት ሊል ነበር፤ አፉ ግን ሐሙስ ልምምድ ላይ ና አለና አረፈው። ስልኩን ከዘጋ በኋላ በራሱ ተናደደ። ለስትሩዋን እንቢ ብሎ አያውቅም፤ እንዴት እንደሚባልም አያውቅበትም። ነገሩ ግልጽ ነበር፤ አስፈርሞት ሰውየው ካልቻለ ክለቡ በእሱ እጅ ይሞታል፤ አላስፈርምም ካለ ደግሞ በዚህ ዓለም ያለውን አንድ ወዳጅ ያጣል። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ እሁድ እሁድ በሩን የሚያንኳኳ ሌላ ሰው አልነበረውም።

ማክሰኞ ዕለት ወይዘሮ ኤስሜ አስጠሩት። ወይዘሮ ኤስሜ የክለቡ ሊቀመንበርና የዳቦ ቤቱ ባለቤት ናቸው፤ ስብሰባ የሚባለውም እዚያው ከምድጃው አጠገብ፣ እሳቸው ሊጥ እየዳመጡ ነው የሚካሄደው።

«ሙርዶ፣ ልጄ፣ እኔ ኳስ አላውቅም» ብለው ጀመሩ። እንዲህ ብለው የጀመሩ ቀን ወሬው ረጅም እንደሚሆን መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ስትሩዋን ቢመለስ ሜዳው እንደሚሞላ፣ ልጆቹ እንደሚበረቱ፣ እሳቸውም የሥጋ አምባሻ በስሙ ሊጋግሩ እንዳሰቡ ነገሩት። «ደግሞ ተጠባባቂ እኮ ነው ያልነው። ተጠባባቂ እንደ ጃንጥላ ነው፤ ካልዘነበ ይሰቀላል።»

ፖርትላኒ ውስጥ ያልዘነበበት ቅዳሜ መች እንደ ነበር ሙርዶ ሊያስታውስ ሞክሮ አቃተው። ሐሙስ አይተን እንወስናለን ብሎ አንድ አምባሻ በወረቀት አስጠቅልሎ ወጣ።

ሐሙስ ልምምዱን ከወደብ ሠራተኞች ቡድን ጋር ግጥሚያ አደረገው። ስትሩዋን አሮጌ ታኬታውን አንጠልጥሎ ሲገባ መልበሻ ክፍሉ በአንድ ጊዜ ሞቀ። ማሊያ የምታጥበውን ሴትዮ አቅፎ አነሣት፣ በረኛውን ጸጉርህን አበድረኝ ብሎ ቀለደበት። ፊንሌይ ቀና ብሎ ሊያየው እንኳ አፈረ። ይህ ፊንሌይ በልጅነቱ ከጎሉ ጀርባ ቆሞ ለዚሁ ሰውዬ ኳስ ያቀብል ነበር። አሁን ከጎኑ ሊሰለፍ ነው።

በእነሱ አገር ሜዳ ላይ «የእኔ!» ብሎ መጮህ አይቻልም፤ ተቃራኒውን በአፍህ አታለልክ ተብሎ ዳኛ ፊሽካ ይነፋል። ስለዚህ ወደ ኳሱ የሚሄድ ሰው የራሱን ስም ይጮሃል፤ ስሙን የሰማ ጓደኛው ይለቅለታል። ልጆች ይህን የሚማሩት ጫማቸውን ማሰር ሳይማሩ ነው። በፖርትላኒ ሜዳ ላይ ደግሞ ከሁሉ የታወቀው ጩኸት «ጌዲስ!» የሚለው ነበር። ድምፁ ወፍራም ነው፣ ነፋስ አይበትነውም፤ ወደቡ ላይ መረብ የሚጠግኑት ሽማግሌዎች እንኳ ኳሷ የት እንዳለች በእሱ ያውቁ ነበር ይባላል።

የመጀመሪያው አጋማሽ ግሩም ነበር። ስትሩዋን ብዙም ሳይሮጥ ሁሉን በአፉ አሰለፈ፤ አንዱን ወደ ፊት፣ ሌላውን ወደ ውስጥ፣ በረኛውን ወደ መስመሩ። ከቀኝ መስመር የመጣው ሰውዬ እንኳ ተከላካይ መሰለ። ሙርዶ ከመስመሩ ዳር ቆሞ ሳያስበው ፈገግ ይል ነበር። በልቡ የውሉን ወረቀት ፈርሞ፣ ለቅዳሜም አሰልፎት ነበር።

ከእረፍት በኋላ ከግራ በኩል ረጅም ኳስ ወደ ላይ ተነሣ። ኳሷ የፊንሌይ ነበረች፤ አንድ እርምጃ ቢራመድ በቴስታ ይገጫታል። ከወዲያ በኩል «ጌዲስ!» የሚል ድምፅ መጣ። ፊንሌይ ቆመ። ስትሩዋን ተንደርድሮ መጣ፣ ዘለለ፣ አንድ ክንድ ያህል ጎደለው። ኳሷ በመላጣው አናት ላይ አልፋ ከኋላው የነበረው የወደብ ክሬን ነጂ እግር ላይ ዐረፈች፤ እሱም ባልጠበቀው ሲሳይ ተደናግጦ አገባት።

እዚህ ላይ ሙርዶ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚሉትን አደረገ። ሜዳው መሀል ገብቶ ፊንሌይን ሰው ሁሉ ፊት ጮኸበት።

«ፊትህ ላይ ነበረች! ለምን ተውካት?»

«ስሙን ጠራ፣ አለቃ» አለ ልጁ።

«ጠራ፤ ታዲያ ደረሰ?»

ፊንሌይ ጆሮው ቀላ። መልስ መስጠት አመሉ አልነበረም፤ ይቺን ግን ሊውጣት አልቻለም። «ጌዲስ ሲል ይተዋል እንጂ። አንተስ ትተውለት አልነበር?»

ሙርዶ ወደ መስመሩ ተመለሰ። ልጁ አልሳተም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያ ድምፅ ሲጮህ ሙርዶ ቆሟል፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉም ስትሩዋን ደርሷል። ትንሽ ቆይቶ የማእዘን ምት ተመታ፤ ያው ድምፅ ጮኸ። አሁን የቆመው ፊንሌይ ብቻ አልነበረም፤ በረኛውም እጁን ሰብስቦ ቆመ፤ አንዱ አማካይም ቆመ። ሦስት ሰው ቆሞ አንድ ሽማግሌ ሲዘል አየ። ስትሩዋን አሁንም አልደረሰም።

ያን ጊዜ ሙርዶ ነገሩ ገባው። ዘገምተኛ ተከላካይ ሞልቷል፤ ከጎኑ ፈጣን ሰው አቁሞ መሸፈን ይቻላል። ይህ ግን የሚሸፈን አይደለም። የስትሩዋን አፍ አሁንም ከሁሉ ቀድሞ ይደርሳል፤ እግሩ ነው የማይደርሰው። የፖርትላኒ ልጅ የሆነ ሁሉ ደግሞ ያን አፍ እየሰማ ነው ያደገው። ወንበር ላይ ቢቀመጥም ያው ነው፤ የገባ ቀን ሌሎቹ ኳስ መንካት ያቆማሉ።

የስትሩዋን መኪና ጋራዥ ስለ ነበር ሙርዶ በአውቶቡሱ ሊያደርሰው ተስማሙ። መንገድ ላይ ቆመው የተጠበሰ ዓሣና ድንች ገዙ፤ አውቶቡሱን ወደቡ ዳር አቁመው እዚያው ጀመሩት። ስትሩዋን የልጆች ወንበር ላይ ጉልበቱን አገጩ ድረስ አጥፎ ተቀምጧል። ኮምጣጤው ሸተተ፤ መስኮቱ ላብ አወጣ። ለትንሽ ጊዜ ስለ ብሮዲ ጉልበት፣ ስለ ወይዘሮ ኤስሜ አምባሻ ተጨዋወቱ፤ ሁለቱም ዋናውን ነገር እንደ ትኩስ ድንች እያገላበጡት ነበር።

«ሁለተኛዋ ኳስ የእኔ ጥፋት ናት» አለ ስትሩዋን በመጨረሻ። «የመጀመሪያዋም። ልጁን በከንቱ ጮህክበት።»

«አውቃለሁ።»

«ሁለት ሳምንት ልሩጥ፤ እግሬ ይፍታታል።»

«እግርህ አይደለም ያስፈራኝ» አለ ሙርዶ። «አፍህ ነው።»

ስትሩዋን ሳቀ። ከዚያ ሳቁ አለቀበትና መላጣውን በመዳፉ ዳበሰ። በረዶ ማምረቻው ውስጥ ቀኑ እንዴት እንደሚረዝም ነገረው፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሕዝቡ ድምፅ ከሜዳው ሲመጣ በረዶውን ትቶ በር ላይ ወጥቶ እንደሚቆም ነገረው። እንዲህ ያለ ነገር ከአፉ ወጥቶ አያውቅም ነበርና የሙርዶን አንጀት በላው።

«ስማኝ» አለ ስትሩዋን። «አስፈርመኝ። ያቃተኝ ቀን እኔው ራሴ መጥቼ በቃኝ እልሃለሁ። አንተ ምንም አትጨነቅ። ይቺን ለእኔ ተዋት።»

እሺ የምትለው ቃል ሙርዶ አፍ ውስጥ ተዘጋጅታ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ስትዘጋጅ ኖራለች። መሪውን በሁለት እጁ ያዘ፤ አውቶቡሱ ግን ቆሞ ነበር።

«ቱሎክ» ብሎ የራሱን ስም ጠራ።

«ምን?»

«ቱሎክ አልኩህ። ይቺ የእኔ ናት። አላስፈርምህም፣ ስትሩዋን።»

ስትሩዋን የድንቹን ወረቀት አራት ቦታ አጠፈው፣ መልሶ ዘረጋው፣ ደግሞ አጠፈው። ሙርዶ ሃያ ዓመት የቆየ ወዳጅነት በአንድ ቃል አለቀ ብሎ አሰበ። ያም ሆኖ ቃሉን ሊመልሰው አልፈለገም።

«በብሮዲ ቦታ ማንን ልታደርግ ነው?» አለ ስትሩዋን።

«ማንንም አላመጣም፤ ያሉት ሁለቱ ይጫወታሉ።»

«ብትወርዱስ?»

«ብንወርድ እንወርዳለን። የጣላቸው ሙርዶ ነው ይባላል። አንተ ነህ አይባልም።»

ስትሩዋን መስኮቱን አየ፤ በመስኮቱ ግን ከላብ በቀር የሚታይ ነገር አልነበረም። ከዚያ ሙርዶ ሞተሩን አስነሥቶ ዳገቱን ወጡ። ቤቱ በር ላይ ሲደርሱ ስትሩዋን ታኬታውን አንሥቶ ተነሣ፣ ደረጃው ላይ ቆመ።

«ልጁ ደኅና ነው?»

«አንገቱን ደፍቶ ነው የሄደው። ሰው ፊት አዋረድኩት።»

«እንግዲያው ጥፋቱ እንዳልሆነ ንገረው። ደግሞም ኳስ ፊቱ እያለች ማንም ምንም ብሎ ቢጮህ እንዳይተው በለው።»

«ለምን አንተ አትነግረውም?» አለ ሙርዶ። «ከእኔ ይልቅ አንተን ይሰማል።»

ስትሩዋን ከደረጃው ወርዶ ዝናቡ ውስጥ ቆሞ ዞረ። ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረበትም፤ ደክሞት ብቻ ነበር።

«ይሰማኛላ!» አለ። «አትተው ስለው እሺ ጌዲስ ይለኛል። በሽታው እኮ እሱ ነው።»

ሙርዶ ሳቀ። በሩን ዘግቶ አውቶቡሱን ወደ ፊንሌይ ቤት አዞረ።