የቄስ ጉልላት ጫማ

ሰብስቤ ወላይታ ሶዶ፣ መርካቶ ውስጥ ጫማ ይሸጣል፤ ገዢ ሲጠፋ ደግሞ ውሸት በነፃ ያድላል። የአባያ አዞ አንድ ባጃጅ ከነተሳፋሪው ውጦ፣ ጥሩምባው ከሆዱ ውስጥ እስከ ሁምቦ ሲጮህ አደረ ብሎ በአባቱ አጥንት የማለ ሰው ነው። ሰው ይስቃል፣ ሻይ ይጋብዘዋል፣ ማንም አያምነውም። ጣጣ የመጣበት እውነት የተናገረ ዕለት ነው።

በጥምቀት ማግስት ታቦቱ ሲመለስ መንገድ ላይ ቆመ። አልንቀሳቀስም አለ። እልልታው፣ ከበሮው፣ ለቅሶው! «ኃጢአታችን በዝቶ ነው» ተባለ፤ በድንበር የተኳረፉ ወንድማማቾች እዚያው አስፋልት ላይ ተቃቅፈው ታረቁ። ሰብስቤም እግዚኦ ብሎ ተንበረከከ። ሲንበረከክ ግን ዓይኑ ታቦቱን በተሸከሙት በቄስ ጉልላት እግር ላይ አረፈ። የቀኝ ጫማቸው ሶል ተገንጥሎ እንደ ውሻ ምላስ ተንጠልጥሏል። ጫማው ደግሞ ለገና ራሱ የሸጠላቸው ነው። ቄሱ ላብ በላብ ሆነው፣ እግራቸውን ከቀሚሳቸው ሥር ሲያፍተለትሉ ቆይተው አወለቁት። ታቦቱም መንገዱን ቀጠለ።

ይህን በብሩ ሥጋ ቤት ጥሬ ሥጋውን በዳጣ እያጠቀሰ ሹክ አለ። የሰሙት ባለ ሥጋ ቤቱ ብሩ፣ የሰፈሩ አንድ ለአምስት ጠርናፊ መምህር መልካሙና የባጃጅ ሹፌሩ አንጁሎ ብቻ ነበሩ።

ብዙም ሳይቆይ አንጁሎ ባጃጁን ሱቁ ደጃፍ ገተረ።

«ጋሼ ሰብስቤ! የጫማው ወሬ ዲምቱ ደርሷል። የኔ አክስት ስቆ ስቆ ሊሞት ነበር!»

«አክስትህ ጴንጤ አይደለችም እንዴ?»

«ነው እንጂ! ቸርች ደጃፍ ነው የሰማው።»

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሰብስቤ ሰው ማመን ተወ። ማን አወራ? ብሩ ሥጋ ሲመዝንለት ለምን ቀና ብሎ አያየውም? መልካሙ ሰላም ሲለው ለምን ማስታወሻው ያለበትን የደረት ኪሱን ይነካካል? አንጁሎስ ወሬውን ያመጣው ሊያስጠነቅቀው ነው ወይስ ፊቱን ሊያነብ? ሚስቱ ጣፈጠች ጎረቤት ቆየት ካለች እንኳ «ማን ጠይቆሽ ነው?» ይላታል። የቤቱ ድመት ሳትቀር ወረዳ ደርሳ የምትመለስ መሰለችው።

ከሁሉ ያስፈራው የአቡዬ ማኅበር ነው። አባቱ ከጉራጌ አገር ብቻውን መጥቶ ሶዶ ላይ ዘመድ ያደረገው ይህን ማኅበር ነበር። በዚህ ወር ጽዋውን የሚረከበው ሰብስቤ ነው። ከለከሉት ማለት ከዘመድ አወጡት ማለት ነው።

ቀኑ ደረሰ፤ ማኅበርተኛው በማኅበሩ መሪ፣ በሙሴው በአቶ ሚናስ ቤት ተሰበሰበ። ዳቦው ተቆርሶ ጠላው እንደዞረ ሚናስ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ታቦት የሰደበ ሰው ቤት ጽዋ አይገባም።»

«ማን ሰደበ?»

«አፍህ ነዋ! የታቦቱን ተአምር የጫማ አደረግኸው። ልጆቻችን ትምህርት ቤት ‹ታቦታችሁን በማስቲሽ አስለጥፉ› እየተባሉ ነው!»

«በሕግም ያስጠይቃል» አለ መምህር መልካሙ። «የመናገር መብት ገደብ አለው። ሥልጠና ላይ ተነግሮናል።»

«ሥጋ ቤት ሆድህን ይዘህ ስትስቅ ገደቡ የት ሄዶ ነበር?»

«እኔ? ዳጣው አቃጥሎኝ ነው።»

ሰብስቤ ወደ ቄስ ጉልላት ዞረ። ጥግ ተቀምጠዋል። እግራቸውን አግዳሚው ሥር አጥፈው ደብቀዋል፤ ያደረጉት አዲስ ጫማ ከሌላ ነጋዴ የተገዛ ነው። ዓይናቸውን ከመስቀላቸው አላነሱም።

«እሺ፣ ውሸቴን ነው» አለ ሰብስቤ።

ይሻለኛል ያለው ባሰበት።

«ስለ አዞው እንኳ ውሸቴን ነው ብለህ አታውቅም!» አለ ብሩ።

«ኧረ ይሄ ሰው ውሸቴን ነው ካለማ…» ብለው ከማኅበርተኞቹ አንዷ እትዬ ንግሥቲ ጀመሩና በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ።

ሚናስ ፊቱ በርበሬ መሰለ። «እንግዲያው ውሸት መሆኑን ጽዋው ላይ እጅህን ጭነህ ማል!»

ሰብስቤ እጁን ዘረጋ። ጽዋው የተቀመጠበት መሶብ ወርቅ ጋ ሲደርስ እጁ ቆመ። በአባት አጥንት መማል ሌላ ነገር ነው፤ አባቱ ቀልድ ያውቅ ነበር። አቡዬ ግን ከስድሳ አንበሳና ከስድሳ ነብር ጋር የኖሩ ጻድቅ ናቸው፤ በሳቸው ስም በሐሰት መማል አዞ ሆድ ከመግባት ይከፋል።

«አልምልም» አለ እጁን እየሰበሰበ።

«አላልኳችሁም! አቡዬን የማያምን ከሀዲ!» አለ ሚናስ።

«ተዉት።»

የቄስ ጉልላት ድምፅ ነበር። ቀጭን፣ የሚንቀጠቀጥ።

«ጽዋ ለዝክር ነው እንጂ ለመሐላ አይደለም። ስጡት።»

«አባ፣ እርስዎን ጭምር እኮ ነው የሰደበው…»

«ስጡት አልኩ!»

አቤት፣ ያን ጊዜ የሰው ዓይን! ከቄሱ ፊት ተነሣ፣ በመስቀሉ በኩል ወረደ፣ በቀሚሱ ተንሸራቶ አግዳሚው ሥር ገባ። ቄሱ እግራቸውን ይበልጥ ሳቡ። ሚናስ ጽዋውን አንሥቶ፣ የሰብስቤን ፊት ሳያይ አስረከበው።

በዚያ ማኅበር ወግ ጽዋ የያዘ ሰው ቤቱ እስኪገባ ከማንም አይነጋገርም። ሰብስቤ ጽዋውን በደረቱ አቅፎ ፊት ፊት ሄደ። መዝሙሩ ከኋላው ሳሳ ብሎ ይከተላል፤ በመዝሙሩ መሐል ሹክሹክታ አለ። ብሩ ቀስ እያለ ቀረበና ትንፋሹ ጆሮው ውስጥ እስኪገባ ተጠጋው።

«ሰቤ፣ እውነት ነበር አይደል? ለኔ ብቻ ንገረኝ።»

ሰብስቤ በዓይኑ ጥግ አየው። የብሩ ጆሮ የቅል ክዳን ያህል የሰፋ መሰለው። ከብሩ ትከሻ ኋላ ደግሞ መምህር መልካሙ እርምጃውን አፍጥኗል። ምላሱ አፉ ውስጥ እንደ ታሰረ ጥጃ ተፈራገጠ። የጽዋውን መሸፈኛ ሳመና ከንፈሩን ገጥሞ ወደ ቤቱ ታጠፈ።