የተቆላመጠው ሽንኩርት

"አባዬ፣ እሳቱን ቀንስና ቀስ እያልክ አቁ…ው! ካልታገሥከው ያርርብሃል!" አለች ልጁ በስልክ። ከኋላዋ ሳህን ይንኳኳል፣ ማራገቢያ ያጓራል፤ የምትሠራበት ሆቴል ወጥ ቤት ለምሳ እየተሯሯጠ ነበር።

"ምን አድርገው?"

"አቁ…ው አልኩህ! በቃ፣ ሥራ ላይ ነኝ፤ ቻው!"

ሊፍት ጠጋኙ ስልኩን ኪሱ ከተተና በገበታ ቅቤ ተለውሶ ድስቱን የሞላውን ሽንኩርት አፍጥጦ አየው። "አቆላምጠው ነው ያለችኝ?" አለ ለራሱ። "አቁላላው" ማለቷ እንደሆነ ለማንም ግልጽ ነው። እሱ ግን ወጥ ቤት ገብቶ የማያውቅ፣ መመሪያ ሲሰጡት ደግሞ አንዲት ፊደል የማይዘል ሰው ነው። መቼም ሙያ ሁሉ የራሱ አመል አለው ብሎ አሰበ። እሱስ ግትር ሊፍት ሲገጥመው "ተው እንጂ አንተ፣ አታዋርደኝ" እያለ ይለማመጥ የለም እንዴ?

ደግሞም ነገሩ በዋዛ የሚያልፈው አልነበረም። ሚስቱ ትኩሳቱ ከለቀቃት ወዲህ የምግብ ፍላጎቷ ጠፍቶ፣ የቀረበላትን ሁሉ ቀመስ እያደረገች ትገፋዋለች። ልብስ ሰፊ ናትና ከስታ የሰፋትን ቀሚስ በየጊዜው ራሷ ታጠብበዋለች፤ እሱ ያን ባየ ቁጥር ሆዱ ይባባል። ትናንት ታዲያ "ልጃችን የተመረቀች ቀን የበላነው የፈረንሳዮች የሽንኩርት ሾርባ ቢሆን እኮ እበላ ነበር" አለች። አለቀ፤ ዛሬ ፈቃድ ወስዶ ለምሳ እስክትመጣ ሽንኩርት ሲከትፍ አረፈደ። ዓይኑ በርበሬ መስሏል።

እናም ማቆላመጡን ጀመረ። መጀመሪያ አፈረ፤ ጉሮሮውን ጠረገ። "በል እስቲ… ሽንኩርትዬ" አለና ማማሰያውን ቀስ አድርጎ አዞረ። ሽንኩርቱ ለስለስ አለ። እውነትም ይሠራል! ልብ አገኘና ሳያስበው ወደ "አንቺ" ተሻገረ። "የኔ ማር… ቀስ በይ፣ አይዞሽ፣ አለሁልሽ…" ሽንኩርቱ ወርቅ መሰለ፣ ቆይቶም ቡናማ ሆነ፤ ቤቱን ደስ የሚል ሽታ ሞላው። ነገሩ ጥሞት "የኔ ቆንጆ፣ ያላንቺ ማን አለኝ!" ከማለቱ የወጥ ቤቱ በር ተከፈተ።

ሚስቱ ናት። ቦርሳዋ ገና ከትከሻዋ አልወረደም። ዓይኗ ከማቀዝቀዣው ጀርባ እስከ ጠረጴዛው ሥር ዞረ።

"ከማን ጋር ነው የምታወራው?"

"ከ… ከሽንኩርቱ ጋር።"

"ከማን?"

"ልጅሽ ናት አቆላምጠው ያለችኝ! ጠይቂያት!"

ትንሽ አሰበችና "አቁላላው ነዋ ያለችህ፣ አንተ ሰውዬ!" ብላ በሳቅ ፍርስ አለች። እንዲህ ከሳቀች ቆይታለች። እሱም ደስ ብሎት አብሯት ሳቀ። ሳቋ ግን መሃል ላይ ቀጥ አለ።

"ቆይ፣ ቆይ። ይሄን ሁሉ ቃል ታውቀው ነበር ማለት ነው?"

"የቱን?"

"የኔ ማርን ነዋ! እኔን እኮ ከተጋባን ጀምሮ 'ስሚ' እና 'አንቺ' ነው የምትለኝ። ሽንኩርት በምን በለጠኝ?"

"እሱማ… ሰው ይሰማል ብዬ እንጂ…"

"እንግዲያው ሾርባውን የተቆላመጠው ይብላው" አለችና መኝታ ቤት ገብታ በሩን ገርበብ አደረገችው። ግማሹ ቀልድ፣ ግማሹ የምር ነበር። የትኛው እንደሚበዛ ግን ሊገባው አልቻለም።

መረቁን ጨመረ። ሾርባው ሲፈላ በሁለት ጎድጓዳ ሳህን ቀድቶ ዳቦ ከላይ ጣል አደረገበት፤ ቺዝ ፈቅፍቆ አልብሶት ምድጃ ውስጥ ከተተው። ቺዙ ቀልጦ ጠርዙ ቡናማ ሲል አወጣና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። የገዛ እጁ ሥራ አስገረመው።

"ስሚ! ቀርቧል!"

የመኝታ ቤቱ በር አልተነቃነቀም።

"አንቺ! ይቀዘቅዛል እኮ!"

አሁንም አልወጣችም። እሷ ካልበላች ደግሞ ይህ ሁሉ ልፋት ለምኑ ነው? መስኮቱ ወለል ብሎ እንደተከፈተ ነው፤ ታች ግቢው ውስጥ ጎረቤቶች ወንበር አውጥተው ይጫወታሉ። ከመሃላቸው ባለሱቁ አንድ ወሬ ካገኘ ዓመት ሙሉ የሚያመነዥክ ሰው ነው። ሊፍት ጠጋኙ ወደ መኝታ ቤቱ በር ተጠጋና ድምፁን ዝቅ አድርጎ "የኔ ማር" አለ።

"አልሰማሁም" አለች ከውስጥ፣ ሳቋን ለማፈን እየታገለች።

ሄዶ የመስኮቱን እጀታ ያዘ፤ ሊዘጋው ነበር። ዞር ብሎ ባዶውን ወንበር አየ። ከዚያ እጀታውን ለቀቀና ታች ያለው ጨዋታ ጸጥ እስኪል ድረስ ድምፁን ለቀቀው።

"የኔ ማር! ነይ እንብላ!"