የሚቆነጥጠው ውሃ

ዕድሜውን የስልክ መስመር ሲዘረጋ የኖረ ሰው ስለሆነ ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ሽቦ» ይለዋል። ስሙ አልከበደውም፤ የከበደው ጡረታው ነው። ስለዚህ ጊታር የምትጫወተው ልጁ ድምፁን የሚያጎላላት አምፕሊፋየር ልትገዛ ማሰቧን ስትነግረው፣ ቃሉ ከአፏ ወጥቶ ሳያልቅ «እኔ ቆሜ እየሄድኩ ምን ዕቃ ይገዛል!» አላት።

ከአሮጌ ራዲዮኖች ቫልቭ የሚባሉትን የመስታወት አምፖሎችና ሁለት ትራንስፎርመሮች ነቅሎ አንድ የብረት ሣጥን ላይ ገጠማቸው። ሲያበራው ቫልቮቹ እንደ ፍም ቀሉ። ልጅቷ ገና ጊታሯን ሳትነካ ግን ሣጥኑ «እምምምም» ማለት ጀመረ።

«አባዬ፣ ይሄ አምፕሊፋየር ነው ወፍጮ?»

«ታገሺ እንጂ፤ ገና አፉን እየፈታ ነው።»

አንደኛው ትራንስፎርመር ከመብራቱ ኃይል ይቀበላል፣ ሌላው ድምፁን ለስፒከሩ ያቀብላል። ጎን ለጎን ሲቀመጡ እንደ ጣውንት ይነካካሉ። አንዱን ወደ ጎን አዙሮ አራራቃቸው፤ ጩኸቱ ቀነሰ። ቀጥሎ እዚህም እዚያም የበየዳቸውን የግራውንድ ሽቦዎች ነቃቅሎ ሁሉንም በአንድ ብሎን ሥር ሰበሰባቸው። አሁንም ቀነሰ፤ የትንኝ ያህል ግን ቀረ። የቤቱ ሶኬቶች ወደ መሬት የሚወርድ የግራውንድ መስመር የላቸውም። ጋሽ ሽቦ ጥቂት አሰበና ከብሎኑ አንድ ረጅም ሽቦ ስቦ ኩሽና ያለው የውሃ ቧንቧ ላይ ጠመጠመው። ቧንቧ መሬት ይገባል፤ መሬት ደግሞ ሁሉንም ይችላል። ትንኟም ዝም አለች። ያን ቀን እራቱን የበላው እንደ ሹመኛ እየተንጎራደደ ነው።

ከሥር የሚኖሩት አከራያቸው እትዬ ናቸው። ጣቶቻቸውን ቁርጥማት ስለያዛቸው ብርጭቆ እንኳ በሁለት እጅ ነው የሚያነሱት። የጊታሩን ነገር ደግሞ አምርረው ይጠሉ ነበር። በሳምንቱ ደረጃውን ሲወጡ ሲያይ ጋሽ ሽቦ ይቅርታውን ምላሱ ላይ አዘጋጅቶ ጠበቃቸው።

«ዳንኩልህ!» አሉ እትዬ፣ አሥር ጣታቸውን ፊቱ ላይ እየዘረጉ። «ከቧንቧዬ መድኃኒት ነው የሚወርደው። እጄን ስሰድ ቆንጠጥ፣ ነዘር ያደርገኛል፤ ከዚያ ጣቶቼ እንደ ሕፃን ጣት ይላላሉ። ጎረቤቶቼንም አስታጥቤያቸዋለሁ።»

«እሰየው» አለ ጋሽ ሽቦ።

«ግን ሁልጊዜ አይሠራም። የሚሠራው ያቺ ልጅህ ስትጫወት ነው። በሞቴ፣ ጠዋትም ትጫወትልኝ!»

ጋሽ ሽቦ ቧንቧው ላይ የጠመጠመው ሽቦ ታወሰው። ወደ ውስጥ ገብቶ አምፕሊፋየሩን አበራና ኤሌክትሪክ መኖሩን የሚጠቁመውን ቴስተር ቧንቧው ላይ አሳረፈ። የቴስተሩ መብራት ቦግ አለ። ሮጦ ሶኬቱን ነቀለው። አሮጌው ትራንስፎርመር ኃይሉን ወደ ሣጥኑ እያፈሰሰ፣ ሣጥኑ ለቧንቧው፣ ቧንቧው ደግሞ ለእትዬ ሲያቀብል ኖሯል። ቧንቧው ለምን ወደ መሬት እንዳላሰረገው ለማየት ግቢ ወርዶ ቆፈር ቆፈር አደረገ፤ የተቀበረው ክፍል ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ፕላስቲክ ነው። ያኔም ትዝ አለው፤ ብረቱ ሲዝግ «ፕላስቲክ አድርጉት፣ ዕድሜ ልክ ነው» ብሎ ያስቀየረው እሱ ራሱ ነበር።

«እትዬ፣ ኤሌክትሪክ ነው የቆነጠጠዎት» አላቸው በራቸው ላይ ቆሞ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ሊገድልዎት ይችል ነበር።»

እትዬ ከላይ እስከ ታች አዩት። «ሰው ሲድን ምቀኛ አይጠፋም» አሉና በሩን ዘጉበት።

ጋሽ ሽቦ ደህና ትራንስፎርመር ፈልጎ ቀየረ፣ ሽቦውን ከቧንቧው ፈታ፣ ግቢው ውስጥ ረጅም የመዳብ ዘንግ ቀጥቅጦ አስገብቶ ግራውንዱን እዚያ አሰረ። በቴስተሩም ደጋግሞ ፈተሸ። የአምፕሊፋየሩ ድምፅ ከበፊቱ ይበልጥ ጠራ፤ የእትዬ ውሃ ግን ውሃ ብቻ ሆነ። ቁርጥማቱ ተመለሰ። ሰፈሩም «ሽቦ የአሮጊቷን መድኃኒት በመዳብ ቀበረባት» ይል ጀመር፤ የታጠቡት ጎረቤቶችም ሰላምታ ነሱት።

አንድ ረፋድ በመስኮት ሲመለከት እትዬ ዘንጉን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ሊነቅሉ ሲታገሉ አየ። ደረጃውን እየዘለለ ወረደ።

«ይተዉት፣ እጅዎን ይጎዱታል!»

«እጄን የጎዳኸውማ አንተ ነህ!» አሉ እያለከለኩ።

ጋሽ ሽቦ አልተከራከረም። ልጁን ጠርቶ ውሃ እንድታሞቅ ላካት፤ ሳፋውን እትዬ በር ላይ አኖረና እጃቸውን ቀስ አድርጎ ሞቅ ያለው ውሃ ውስጥ ከተተው። እትዬ ፊታቸውን እንዳጠቆሩ ቆዩ፤ ትንሽ ቆይተው ግን ትከሻቸው ወረደ።

«ይሄማ አይቆነጥጥም» አሉ።

«አይቆነጥጥም፣ እትዬ።»

«ነገም ታመጣለህ?»

«አመጣለሁ።»

«እንግዲያው ልጅቷ ትጫወት» አሉ ዓይናቸውን ጨፍነው። «ውሃው ያለሷ አይሠራም።»