በሩን የቆለፈው ሰው ዕድሜ አልጠየቀም

ሴናተር ሃልቨርሰን ኮሪንን ከስብሰባው አዳራሽ ጠርተው ወደ ኮሪደሩ ጥግ ወሰዷት።

«ስሚኝ ልጄ፤ ተቃዋሚዎቹ ለዘብ ብለዋል። ‹ያኔ አሥራ ስምንት ዓመት ያልሞላቸው› የምትል ሐረግ ካስገባን ረቂቁ ዛሬውኑ ከኮሚቴው ያልፋል፤ ከዓርብ በፊትም ይጸድቃል። አንቺ አሥራ ሰባት ነበርሽ አይደል? በቃ፣ ተገላገልሽ።»

ረቂቁ በሰው ነጋዴዎች ተይዘው ገላቸውን እንዲሸጡ የተገደዱ ሰዎችን የወንጀል መዝገብ የሚሰርዝ ነው። ኮሪን የነርስነት ትምህርቷን ጨርሳ ፈቃድ የተከለከለችው እንዲህ ያለ መዝገብ ስላለባት ነው። ሆስፒታሉ ደግሞ ቦታውን የሚይዝላት እስከ ዓርብ ብቻ ነው።

«ማቪስስ?» አለች።

«ለእሷ በሚቀጥለው ዓመት እንታገላለን» አሉ ሴናተሩ፣ ዓይኗን ሳያዩ።

ማቪስ ያኔ ሃያ ዓመቷ ነበር። በአውራ ጎዳናው ዳር ባለው ሞቴል አንድ ክፍል ውስጥ ተቆልፎባቸው ሳለ፣ ኮሪንን በመታጠቢያ ቤቱ መስኮት ገፍታ ያስወጣቻት እሷ ናት። ራሷ ግን መውጫ ሳታገኝ በሩን የቆለፈባቸው ሰው ደረሰባት።

ኮሪን ወደ አዳራሹ ተመልሳ ማቪስ አጠገብ ተቀመጠችና ነገሩን በሹክሹክታ ነገረቻት።

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ተቀበያ!» አለች ማቪስ። «እኔ እንደሆን ልብስ ማጠቡን ለምጄዋለሁ። ነርስ ብሆንማ በሽተኛው በወሬዬ ብዛት ያልቅ ነበር።»

ኮሪን አልሳቀችም። ስሟ ሲጠራ ወደ ማይክሮፎኑ ሄደች።

«በሩን የቆለፈብን ሰው ዕድሜያችንን አልጠየቀንም» አለች። «ሕጉም አይጠይቀን። ያቺን ሐረግ የምታስገቡ ከሆነ በእኔ ስም አታስገቧት።»

ከተቃዋሚዎቹ አንዱ፣ ቀድሞ ዐቃቤ ሕግ የነበሩት ሽማግሌ፣ መነጽራቸውን አወለቁ። «የራስሽን ዕድል እየዘጋሽ መሆኑን ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ፣ ጌታዬ።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ከዚያ ወደ ሰብሳቢዋ ዞረው፣ «ሐረጓን ያቀረብኳት እኔ ነኝ፤ ላስብበት። ድምፅ መስጠቱ ለማክሰኞ ይደር» አሉ።

ውጭ በረዶ ይጥላል። ማቪስ ከደረጃው ሳትወርድ እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች ጮኸችባት።

«አንቺ ደደብ! ሽማግሌው እሺ ባይሉስ? ዓርብስ? ሥራሽስ?»

ኮሪን ስልኳን አወጣችና ወደ ሆስፒታሉ ደወለች።

«ኮሪን ነኝ። ቦታውን ለሌላ ሰው ስጡት» አለች፣ በአንድ እጇ የማቪስን ክንድ ይዛ። «እኔ ማክሰኞ ሥራ አለብኝ።»